ታፔላ የሌለው የአዳማ ካፓሲተር ሱቅ፦ ትልልቁን ግዙ፣ ትንንሹን ተዉት

የአባቴ ሳንስዊ አምፕሊፋየር ዓመት ሙሉ ሳሎን ጥግ ላይ ፎጣ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሲከፈት ዘፈኑ ሳይጀምር እምምምም ይላል። ድምፁን ዜሮ ብታደርጉትም አይተውም። በካሴት ዘመን አባቴ ናዝሬት ሱቁ በር ላይ ሰው የሚሰበስብበት ዕቃ ስለነበር እንጣለው ብሎ የደፈረ የለም።

ይሄ ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለቱ ትልልቅ የፓወር ካፓሲተሮች ነው፣ ኤሌክትሪክ ይዘው የሚለቁ ጣሳ መሳይ ዕቃዎች ናቸው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ዳዮዶቹን (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) ሲያልፍ በ100 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የማይገለባበጥ ከረንት ይሆናል፣ እሱን ማለስለስ የእነሱ ሥራ ነው። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ማለስለሱ ይቀርና ንዝረቱ ስፒከር ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ካፓሲተር የገዛሁት ከሌላ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ይቅር። ላዩ ላይ 10,000 ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅሙ ነው) 63 ቮልት (የሚችለው ከፍተኛው ቮልት) ይላል፣ የታወቀ የጃፓን ስም ታትሞበታል፣ ዋጋውም ደስ ይላል። እጄ ላይ ሳደርገው ግን ባዶ ጣሳ ነው የሚመስለው። ቤት ስለካው 4,000 እንኳን አልሞላም። ፕላስቲኩን በምላጭ ስቀደው ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ፕላስቲክ!

ከዚያ ነው አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ ወደ እኚህ ሽማግሌ የላከኝ። ሱቃቸው ከገበያው ወረድ ብሎ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ በሩ ላይ ወረቀቱ የተቀደደ ስፒከር ተሰቅሏል። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው።

ሁለት ባለ 10,000 ስላቸው የድሮውን አሳየኝ አሉ። ገለበጡት፣ ውፍረቱን በማስመሪያ ለኩት።

«ቮልቱን ለክተኸዋል?»

«አልለካሁም ጋሼ፣ ላዩ ላይ ግን 50 ይላል።»

«እሱ የጃፓን መሐንዲስ ያሰበው ነው። የአዳማን መብራት መች ያውቅና!»

ቤት ሄጄ ለካሁ። ቀን 41 ቮልት፣ ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛ 44 አለፈ። ስለዚህ ባለ 63 ቮልቱን ወሰድኩ። ቮልቱ ከድሮው ከፍ ቢል ምንም አይጎዳም፣ ዝቅ ማለት ነው ክልክሉ። «ታዲያ 20,000 ማይክሮፋራድ ባደርገውስ?» ብዬ ነበር፣ ይብስ ጥሩ የሚሆን መስሎኝ። እሳቸው አይሆንም አሉ፣ ልክ ናቸው። በከፈትነው ቁጥር ባዶውን ካፓሲተር ለመሙላት የሚሮጠው ከረንት ዳዮዱንና ፊውዙን ነው የሚመታው። አሥር ሃያ ፐርሰንት ቢጨምር ችግር የለውም፣ እጥፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሱቁን የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ሳትከፍሉ ያስለካሉ። አራት አውጥተው አራቱንም ፊቴ ለኩ፣ ውጤቱን በስኪሪፕቶ በፕላስተር ላይ ጽፈው ለጠፉባቸው፣ 9,800 እና 9,750 የሚሉትን ሁለት ሰጡኝ። ካፓሲተሩ ፕላስ ማይነስ 20 ፐርሰንት ስለሚፈቀድለት ይሄ በጣም ጥሩ ነው። አንዱን 1,200 ብር ከፈልኩ። ውድ ነው፣ ግን ክብደቱ እጅ ላይ ይሰማል።

የአዲሶቹ ካፓሲተሮች ጣጣ ማነሳቸው ነው። ያው ቁጥር ሆኖ የድሮው የታሰረበት ቀለበት ውስጥ ይንቀዋለላሉ። ጋሼ ከጀርባ የሳይክል ከመነዳሪ አምጥተው በመቀስ ቆርጠው ጠቀለሉልኝ፣ ልክክ አለ። ለዚህ ገንዘብ አልጠየቁም።

አንድ ሌላ ነገርም አዳኑኝ። ከካፓሲተሩ ሥር ቡናማ ነገር ስላየሁ ፈስሷል ብዬ ነበር። ሙጫ ነው! ፋብሪካው ካፓሲተሩ እንዳይነቃነቅ የቀባው፣ ሲያረጅ ግን ይጠቁርና አጠገቡ ያሉትን የሬዚስተር እግሮች መብላት ይጀምራል። የድሮ ሳንስዊ ያላችሁ ሰዎች ካፓሲተር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ። እኔ በአልኮልና በጥርስ መፋቂያ እንጨት ሁለት ሰዓት ፈቀፈቅኩት።

አሁን ቅሬታዬ። ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ነው ያሉት፣ የአንዳንዶቹ እግር አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ የብየዳ ቆርቆሮ ተጣብቋል። ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀሉ ናቸው ማለት ነው። አዲሶቹም ብዙዎቹ ባለ 85 ዲግሪ ናቸው፣ የሚችሉት ከፍተኛ ሙቀት ማለት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ የተጻፈባቸው የዕድሜ ሰዓት እኩል ከሆነ ባለ 105ቱ ባለ 85ቱን አራት እጥፍ ገደማ ይቆያል። በአዳማ ሙቀት፣ ያውም ክዳኑ በተዘጋ አምፕ ውስጥ፣ 85 እኔ አልገዛም። ትንንሾቹን መርካቶ በሚመላለስ ጓደኛዬ በኩል ባለ 105 አስመጣሁ።

«ይሄ የድሮ ጃፓን ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም» እያሉ የሚያሳዩዋችሁንም አትውሰዱ። እሳቸው ከልባቸው ያምኑበታል፣ እኔ አልስማማም። ካፓሲተር ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ያረጃል፣ ውስጡ ያለው መከላከያ ሽፋን ይሳሳል። ተሟግተን ሳንስማማ ሻይ ጠጣን።

ደግሞ ቦርዱ ላይ ቢ ፒ ወይም ኤን ፒ የሚል ካለ ፕላስ ማይነስ የሌለው ዓይነት ነው የሚገባው። እኔ ተራውን ልከት ስል ያስቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ድምፁ የሚያልፍባቸውን ባለ 1 ማይክሮፋራዶች ደግሞ በፊልም ካፓሲተር ተካኋቸው፣ እሱ የሚደርቅ ፈሳሽ የለውም።

መጀመሪያ ስከፍተው ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገብቼ ነው። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይቀራል። ደመቅ አለና ወዲያው ደበዘዘ፣ ደህና ነው ማለት ነው። አባቴ መጥቶ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ አስጠግቶ ትንሽ ቆየ። «አልከፈትከውም እንዴ?» አለኝ።

የምትሄዱ ከሆነ የድሮውን ካፓሲተር ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ የለም፣ የገዙትን መመለስም የለም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።