ዳርጂሊንግ የምትሄዱ፣ የገዛችሁት ሻይ ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ

ይህን የምጽፈው በሻይዋ በምትታወቀው የሕንድ ተራራማ ከተማ፣ ዳርጂሊንግ፣ ገስት ሃውሱ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። ከሱቁ ከወጣሁ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሕንድ የምትማሩ አበሾች ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቾውራስታ አደባባይ አጠገብ በር ላይ ቆሞ "ማይ ፍሬንድ፣ ከየት ነህ?" የሚለው። ኢትዮጵያ ስትሉት "አሃ፣ ቡና!" ብሎ ክንዳችሁን ይዞ የሚያስገባችሁ። መቅመስ በነጻ ነው፣ ካልፈለግክ አትግዛ፣ አጎቴ እርሻው ላይ ነው የሚሠራው። ዴልሂ ሦስት ዓመት ስኖር ይህን ለምንጣፍም ለሻርፕም ሰምቼዋለሁ። እያወቅኩ ገባሁ።

የገባሁት ለእናቴ ብዬ ነው። እናቴ ቡና አይስማማትም፣ ሻይ ነው የምትወደው። ጓደኛዬ ማክሰኞ ለፋሲካ አዲስ አበባ ይገባል። ግማሽ ኪሎ በእሱ ልልክላት ነበር። ለዚህ ስል ከዴልሂ አንድ ቀን ገደማ በባቡር መጣሁ። ከኒው ጃልፓይጉሪ ደግሞ ሰው በታጨቀበት ጂፕ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስት ሰዓት ዳገት ወጣሁ። ካንቼንጁንጋንም ማየት ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም ቀን ተራራው ጉም ውስጥ ዋለ።

ሰውየው "ፈርስት ፍላሽ" የሚሉትን አቀረበልኝ። ብርዱ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚለቀመው ለጋ ቅጠል ነው፤ ውዱም እሱ ነው። ቅጠሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ጫፍ ጫፉ ነጣ ይላል። ሙቅ ውሃ ሲነካው ቀለሙ እንደ ብርዝ ሆነ። አበባ አበባ ይሸታል። ጾም ላይ ስለሆንኩ ያለ ወተት መጠጣቱ ተስማማኝ። ስኳር እንኳ አልጠየቅኩም። መቶ ግራሙ 900 ሩፒ አለኝ። ተከራክረን ግማሽ ኪሎው በ4,000 አለቀ። ለእኔ የአንድ ወር የምግብ ገንዘብ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ቆርቆሮውን ፊቴ ከፈተ። የቀመስኩት ቅጠል ራሱ ነው። ዝቆ ሚዛን ላይ አደረገ። 500 ሲል በዓይኔ አየሁ። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ጨመረው። "አየር እንዳይገባው ላሽገው፣ ማሽኑ ከኋላ ነው" አለኝ። ያኔውኑ አንድ ልጅ በጎኔ መጥቶ ሌላ ሲኒ ዘረጋልኝ። "ይህን ደግሞ ቅመስ፣ የሌላ እርሻ ነው።" ወደ ሲኒው ዞርኩ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። መጋረጃው ሲገለጥ ሰምቻለሁ። ማሽኑ ሲጮህም ሰምቻለሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰውየው ሲመለስ ብርማው እሽግ እጁ ላይ ነው፣ አፉ ገና ይሞቃል። አመስግኜ ተቀበልኩት። ለልጁ ሃምሳ ሩፒ ጉርሻ ሰጠሁት። ከአራቱ ሺህ ይልቅ ይህች ሃምሳ ናት የምታንገበግበኝ።

ማታ አብሮኝ ላደረው ልጅ ላቀምሰው ብዬ ጥጉን ቀደድኩት። ጥቁር ብናኝ ነው። የቆየ ጆንያ ይሸታል። ውሃ ሳደርግበት ወዲያው ጠቆረ። እኔ የውሽውሽን ሻይ እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። የሰፈራችን ሱቅ ሻይ ከዚህ በስንት ጣዕሙ!

እሽጉን ይዤ ሮጥኩ። ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና አላለም። "የተከፈተ አንመልስም።" ቀይረኸዋል አልኩት። ደረሰኝህን አምጣ አለኝ። ሰጠሁት። ጣቱን ጽሑፉ ላይ አደረገ። "ምን ይላል? ሻይ፣ 500 ግራም። ይህ ሻይ አይደለም?" እውነቱን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የእርሻ ስም የለ፣ የለቀማ ጊዜ የለ። ሳላነበው ነበር ኪሴ የከተትኩት። ከዚያ በኔፓሊኛ አንድ ነገር ተናገረና ልጁ ሳቀ። ያ ጉርሻ የሰጠሁት ልጅ። "እናንተ ቡና ጠጪዎች ናችሁ፣ ሻይ አይገባችሁም" አለኝ ሰውየው። እኔ ውስጥ ቆሜ መብራቱን አጠፋው።

እንዴት ሚዛኑን ብቻ ማየት በቂ መሰለኝ? ሦስት እርምጃ ተከትዬው ብገባ ምን ነበረበት? ከመጣሁ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው።

የገስት ሃውሱ ባለቤት ስነግራት አልገረማትም። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ የኔፓል ቅጠልም በዚሁ ስም ይሸጣል አለችኝ። የዳርጂሊንግ ሻይ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሕንድ ውስጥ እንዲህ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ቅርጫት በግንባራቸው ተሸክመው የሚለቅሙትን ሴቶች አይቻለሁ። በእነሱም ድካም ነው የሚነግድበት።

ከገዛችሁ ፊታችሁ ይታሸግ። ማሽኑ ከኋላ ነው ካለ ሳይታሸግ ተቀበሉት። ደረሰኙ ላይ የእርሻው ስምና የለቀማው ወቅት ይጻፍ፣ ከመክፈላችሁ በፊት።

ጂፑ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ። ከሰዓት ደውዬ "እማዬ፣ ሻይ እየመጣልሽ ነው" ብያታለሁ።