ለሐዲድና ለገበያ፦ ሦስት የካኖን ሌንሶች ጎን ለጎን

ድሬዳዋ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ እስከ ቀፊራ ገበያ በእግር ይደረሳል። ያቺ አጭር መንገድ ግን ለፎቶ አንሺ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች አሏት። ሐዲዱ ይጠብቃል፤ ተንበርክከው፣ ተነሥተው፣ እንደገና ለክተው ያነሡታል። ገበያው አይጠብቅም። ሚዛን የያዘችው እናት ቀና ያለችበት ቅጽበት አንዴ ካለፈ አይመለስም። ስለዚህ «የትኛውን ሰፊ ሌንስ ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ ያነሣሉ?

እዚህ የማወዳድረው እንደ 700ዲ እና 250ዲ ላሉ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላላቸው የካኖን ካሜራዎች የሚሆኑ ሦስት ሌንሶችን ነው። አንደኛው ብዙ ጊዜ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ነው፤ ቁጥሮቹ በሚሊ ሜትር የሚለካው የትኩረት ርዝመት ናቸው፣ ባነሱ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። ሁለተኛው ሰፊው 10–18 ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ስም ነው)፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ቂጣ ስስ የሆነው 24 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ነው። ሁለቱ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተተመነላቸው ዋጋ ለ10–18ቱ 299 ዶላር፣ ለ24ቱ 149 ዶላር ነበር። ዛሬ ያገለገለ ሲፈልጉም ይህ የሁለት እጥፍ ልዩነት ጥሩ መነሻ ነው።

ብዙ ገዢ የሚጠይቀው «ስንት ዲግሪ ያያል?» ብሎ ነው። በጎን ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ወደ 96 ዲግሪ፣ 18 ወደ 64፣ 24 ደግሞ ወደ 50 ዲግሪ ያያሉ። ለእኔ ግን የሚበልጠው ጥያቄ ከሰው ምን ያህል ርቄ እንድቆም ያደርገኛል የሚለው ነው። የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ፣ በአግድም በተያዘ ካሜራ ፎቶውን እንዲሞላ ከፈለጉ በ24 ሦስት ሜትር ያህል፣ በ18 ሁለት ሜትር ያህል፣ በ10 ግን ወደ አንድ ሜትር ከሃያ ይቆማሉ። አንድ ሜትር ከሃያ ማለት ካሜራውን ሰው ፊት ላይ መደቀን ማለት ነው። ለማያውቁት ሰው ይህ ድፍረት ነው፤ በምስሉም ላይ ይታያል።

ወደ ሐዲዱ ልመለስ። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባን በ1917 የደረሰው የአሮጌው መስመር ሁለት ሐዲዶች የሚራራቁት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ መስመር ሐዲዶች ግን 1.435 ሜትር ይራራቃሉ። ይህ ቁጥር ለፎቶ ይጠቅማል። ካሜራውን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ ቀጥ አድርገው፣ ከሐዲዱ አናት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢያደርጉት የአሮጌው መስመር ሐዲዶች ልክ ከፎቶው ሁለት የታች ማዕዘኖች ተነሥተው ወደ አድማሱ ይሮጣሉ። ይህ በሦስቱም ሌንሶች እኩል ይሆናል፤ ለዚህ ብቻ ብለው ገንዘብ አያውጡ።

ልዩነቱ ጥራት ላይ ይመጣል። በዚያ ከፍታ 10 ሚሊ ሜትር መሬቱን ከ44 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ያያል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ይጠባል) ኤፍ 8 ላይ አድርገው ፎከሱን 66 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያሳርፉት፣ ከእግርዎ ሥር ካለው የዛገ ብሎን እስከ ተራራው ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። በ18 ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ኤፍ 11 ይበቃል። በ24 ግን ኤፍ 16 ድረስ መዝጋት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሐዲዱ መጨረሻ ያለው ሕንፃ በ24 ከ10 ይልቅ 2.4 እጥፍ ይተልቃል። 10 ሚሊ ሜትር ተራራን ጉብታ ያደርጋል፤ ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ያዝናሉ።

የ10–18 እውነተኛ ቦታ ሌላ ነው፦ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የማይቻልበት ጠባብ ፉርጎ፣ የጥገና አውደ ጥናት፣ የጣቢያ መጠበቂያ ክፍል። እዚያ 18ቱ የክፍሉን ግማሽ ሲቆርጥ 10ሩ ይዞት ይወጣል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት ስላለው ቆሞ የቀረ ባቡርን በደብዛዛ ብርሃን ያለ ትሪፖድ ማንሣት ይቻላል። ካሜራውን ትንሽ ሽቅብ ካዘነበሉት ግን ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። ሰውንም ጠርዝ ላይ አያስቀምጡ፤ ጭንቅላቱ ይለጠጣል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሐዲድ ላይ የሚንበረከኩት ባቡር በማይሄድበት መስመር፣ ያውም ፈቃድ ጠይቀው ብቻ ይሁን። በሰፊ ሌንስ ሲመለከቱ የሚመጣ ባቡር ካለበት እጅግ የራቀ ይመስላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ደግሞ ድምፁ ዝቅተኛ ነው።

ለቀፊራ፣ ለከዚራ ሰፈር ጥላዎች፣ ለባጃጅ ወረፋና ለቡና ቤት በረንዳ ምርጫዬ ያለ ማመንታት 24ቱ ነው። ክብደቱ 125 ግራም ብቻ ነው፤ 10–18ቱ 240 ግራም ይመዝናል። ካሜራው ላይ ተገጥሞ ጎልቶ ስለማይታይ ሰው አይደነግጥም። ኤፍ 2.8 ሲከፈት 10–18ቱ በ10 ሚሊ ሜትር ከሚያስገባው ሁለት እጥፍ ተኩል ብርሃን ያስገባል። ማታ ፋኖስ ሥር የሚንቀሳቀስን እጅ የሚያቆመው ይህ ነው፤ የ10–18 ማረጋጊያ የእርስዎን እጅ እንጂ የነጋዴዋን እጅ አያቆምም። ጉድለቱ ዙም የሌለው መሆኑ ነው፤ በእግርዎ ይራመዳሉ። በእውነቱ ሰፊ ማዕዘን ሊባልም አይገባውም፤ በዚህ ሴንሰር ላይ ዕይታው በትልቁ ሴንሰር ላይ 38 ሚሊ ሜትር ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው።

18–55 ያለው ሰው መጀመሪያ ለአንድ ወር ቀለበቱን 18 ላይ አስሮ ሐዲድም ገበያም ያንሣ። ከፎቶዎቹ ውስጥ ግድግዳ የቆረጠው ከበዛ 10–18 ይግዛ፤ ብርሃን አጥቶ የደበዘዘ ሰው ከበዛ 24ቱን ይግዛ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ በጭፍን ምረጥ ብባል ለአብዛኛው ሰው 24ቱን እመርጣለሁ፤ ከሐዲድ ይልቅ ሰው ይበዛልና።

ሁለቱም ትልቅ ሴንሰር ባላቸው የካኖን ዲኤስኤልአሮች (በውስጣቸው መስታወት ያላቸው ካሜራዎች) ላይ አይገጠሙም፤ መስታወት አልባ በሆኑት የአር ካሜራዎች ላይ ደግሞ አስማሚ ይፈልጋሉ። ያገለገለ ሲገዙ ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ፤ የፎከስ ቀለበቱ ካሜራው ካልበራ አይሠራም። የ10–18 መግጠሚያ ፕላስቲክ ስለሆነ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ የ24ቱ ብረት ነው። ከዚያ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው በ10 እና በ18 አንድ አንድ ያንሡ፤ የግራና የቀኝ ጠርዝ ጡቦች ጥራታቸው እኩል ካልሆነ ያ ሌንስ ወድቆ ያውቃል ብለው ይጠርጥሩ።