በአረጁ የላቦራቶሪ አይጦች ጉበት፦ ባዞፊሊክ ፎከስ ወይስ ግልጽ-ሴል ፎከስ?

ምንም ኬሚካል ያልተሰጣቸው አይጦችም አንድ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ጉበታቸው ላይ ፎከስ የሚባሉ የተለወጡ ሴሎች ስብስቦች ይታያሉ። በሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን (በተለመደው የሕብረ ሕዋስ ማቅለሚያ) ሁለቱን ዓይነቶች መለየት ከባድ አይደለም፤ የሚያሳስተው ሌላ ነው።

ባዞፊሊኩ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በሳይቶፕላዝሙ ራይቦዞም በዝቷልና። ሰማያዊው በጭረት በጭረት ሲሆን ታይግሮይድ ይባላል። ፊሸር 344 በሚባለው የላቦራቶሪ አይጥ ዝርያ ሴቶች እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ እሱን ብቻ አይቶ የሚፈተሸውን መድኃኒት መወንጀል ችኮላ ነው፤ መድኃኒት ካልተሰጠው ቡድን ጋር ይመዘን።

ግልጽ-ሴሉ ባዶ የሚመስለው፣ ያከማቸው ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) በስላይድ ዝግጅት ወቅት በአብዛኛው ስለሚታጠብ ነው። ከስብ ጋር የሚምታታውም እዚሁ ላይ ነው። የስብ ጠብታ ክብ ነው፣ ጠርዙ ጥርት ይላል፣ ትልቅ ሲሆን ኒውክሊየሱን ወደ ዳር ይገፋል። በግላይኮጅን ግን ኒውክሊየሱ መሃል ይቀራል፣ የባዶው ቦታ ጠርዝም የተበጣጠሰ ነው። ጥርጣሬ ካለ ሁለት ቁራጮች ግላይኮጅንን ማጀንታ (ቀይ-ሐምራዊ) በሚያደርገው ፓስ ቀለም ይቀለሙ፣ አንዱ አስቀድሞ ግላይኮጅንን በሚፈጨው ኢንዛይም በዳያስቴዝ ታክሞ፤ ማጀንታው በታከመው ላይ ብቻ ከጠፋ ግላይኮጅን ነው።

በሁለቱም ፎከሶች የጉበት ሴሎች ረድፍ ሳይቋረጥ ወደ ጎረቤቱ ጉበት ይቀጥላል። ስብስቡ ዙሪያውን የሚጨፈልቅ ከሆነ ግን አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) ይጠርጠር።