የራማን ቺፕ ለሚገዙ የኮምቦልቻና የደሴ ላብራቶሪዎች፦ ብር ወይስ ወርቅ?

በእጅ በሚያዝ የራማን መሣሪያ (ናሙናው ላይ ሌዘር አብርቶ ከሚበተነው ብርሃን ንጥረ ነገሩን የሚለይ) ከጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ውስጥ ጥቂት ቀለም ለመለየት ናሙናው የሚንጠባጠብበትና ሲግናሉን የሚያጎላ ሁለት ዓይነት ቺፕ ይሸጣል፤ አንዱ የብር፣ ሌላው የወርቅ ናኖ ቅንጣት የተለበጠበት መስታወት ነው። ሻጮች ብሩን ያስቀድማሉ። ሲግናሉ ስለሚበልጥ አልዋሹም፤ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ለሚሠራ ሰው ግን ወርቁ ይሻላል።

ብር ሰልፈር ሲያገኘው ይጠቁራል። ከውጭ ታዝዞ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ጉልበቱ ይደክማል። የግድ ብር የሚያስፈልገው ትንሹን ፓኬት ይግዛ፤ የተከፈተውን ከሲሊካ ጄል ጋር በአሉሚኒየም ከረጢት ያሽግ። የላስቲክ ማሰሪያና የጎማ ክዳን አጠገቡ አይድረስ፤ ጎማም ሰልፈር ይለቃል። ወርቅ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሌዘሩ ግን 785 ናኖ ሜትር መሆን አለበት። በ532 ናኖ ሜትር ወርቁ ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጠው ከሁለቱ የሚሠራው ብሩ ነው።

«10 ቢሊዮን ጊዜ ያጎላል» የሚል ማስታወቂያ አይተው አይግዙ። እንዲህ ያለ ቁጥር በሁለት ቅንጣቶች መካከል፣ 1 ወይም 2 ናኖ ሜትር በሆነ ክፍተት ውስጥ ለገባ ሞለኪውል ሊሆን ይችላል፤ የቺፑ አማካይ ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን አካባቢ አይርቅም። ከብረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር የራቀው ሞለኪውል ደግሞ ጨርሶ አይጎላም ማለት ይቻላል።

የቺፖቹ ትልቁ ድክመት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) የተሸፈነ ቅንጣት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ክሪስታል ቫዮሌትና ማላካይት ግሪን የተባሉት ቀለሞች ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይለጠፉበታል። ጥጥ የሚቀባባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ኔጋቲቭ በመሆናቸው ይገፋሉ። ፍሳሹ ዓይን እያየው ቀይ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይወጣ ይችላል። ፒክ (በስክሪኑ ግራፍ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ ጫፍ) ስላልታየ «ቀለም የለም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ከባድ ስህተት ነው! ናሙናውን በአሲድ ወደ ፒኤች 3 ማውረድ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ናሙናውን በ0.45 ማይክሮ ሜትር ፊልተር አጥልለው 2 ማይክሮ ሊትር ያንጠባጥቡና ያድርቁ። ሲደርቅ ቀለሙ ወደ ጠርዝ ስለሚሰበሰብ አንድ ነጥብ ብቻ ማንበብ ያሳስታል፤ ከመሃልም ከጠርዝም ቢያንስ 10 ነጥብ ይውሰዱ። የሌዘሩን ኃይል ከ5 ሚሊ ዋት በታች ያድርጉ። ከበዛ ናሙናው ያርርና በ1,350 እና በ1,580 ዌቭነምበር (የራማን ግራፍ አግድም መለኪያ) ገደማ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ይወጣሉ፤ እነሱ ካርቦን እንጂ ቀለም አይደሉም። የክሪስታል ቫዮሌት ፒኮች ሹል ናቸው፤ 1,172 እና 1,619 አካባቢ ይፈልጓቸው። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ የነካው ቺፕም ሁልጊዜ አብሮ ይነበብ፤ ሲትሬቱ የራሱ ፒክ አለው።

የቀለሙን መጠን ለመለካት ግን ኢንተርናል ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ንጥረ ነገር) ካልተጨመረ አንመክርም፤ ከአንድ ፓኬት የወጡ ቺፖች እንኳ እኩል አያነቡም።

ቺፑ ተወዶባቸው የወርቅ ኮሎይድ (ውሃ ውስጥ የተበተኑ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች) በሲትሬት ራሳቸው ለሚያፈሉ ደግሞ፦ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃም። ቀለሙ የወይን ጠጅ ቀይ ሆኖ እስኪረጋ ይጠብቁና በዩቪ ቪዚብል (ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) ይዩት። ፒኩ 520 ናኖ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ530 ካለፈ ቅንጣቶቹ ተልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል።