ቡችላው በነጻ፣ ቤቱ በ3,500 ብር

ቡችላውን ጎረቤቴ በነጻ ሰጠችኝ። ወጪው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ገርጂ ከሚሠራ አናጺ ዘንድ የእንጨት ቤት አሠራሁለት። 3,500 ብር። እንጨቱ ጠንካራ ነው። ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ስላለ የሐምሌ ጎርፍ ከሥሩ ያልፋል። ቆርቆሮው ግን ያዘነበለው ወደ በሩ ነው! በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው ልክ መግቢያው ላይ ሲንዠቀዠቅ አመሸ። ቡችላው ጥግ ይዞ ኩርምት ብሎ አገኘሁት፤ ምንጣፉ ርሶ ይጨመቃል። አናጺው ጋ ስደውል «ውሻ አይደል እንዴ?» አለኝ። 200 ብር ጨምሬ አስገለበጥኩት። የበሩን ጠርዝም በብርጭቆ ወረቀት አላለሰለሰውም፤ ስንጥሩን ከእጄ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

መጠኑ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ለዚያን ጊዜው ቡችላ አስለካሁ፤ አሁን በ5 ወሩ ሲገባ ጭራው ውጭ ይቀራል።

ለማንኛውም፣ ብር ስትመድቡ ከቤቱ በፊት ክትባቱን አስቀድሙ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ይጀመርና በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው በ3 ወሩ ገደማ ነው። ምግቡን በተመለከተ እናቴ «የተረፈ ወጥ ስጠው» ትላለች። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው? ሩዝና ሳንባ እቀቅልለታለሁ።

አናጺው ጋ እመለሳለሁ፣ ትልቁን ቤት ለማሠራት። የጣሪያውን አቅጣጫ ግን ራሴ በጠመኔ አስምሬ ነው የምሰጠው።