ዶውሮ ወይስ ካኬቲ? የወይን አገር ጉዞ ላሰባችሁ

የፖርቱጋሉ ዶውሮና የጆርጂያው ካኬቲ ሁለቱም የድሮ የወይን አገሮች ናቸው። ከአንዱ በላይ ኪሳችሁ ካልፈቀደ ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምትሄዱት ለማየት ነው ወይስ ለመብላትና ለመጫወት?

በእይታ ዶውሮ ያሸንፋል። ወንዙ በተራሮች መሀል ይጠማዘዛል፤ ተዳፋቱ ደግሞ ሰው በእጁ በካበው የድንጋይ እርከን ተሸፍኗል። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1756 በሕግ የተከለለ ነው፤ ዩኔስኮ በ2001 መዝግቦታል። መኪና አትከራዩ፣ ከፖርቶ በባቡር ሂዱ። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ወንዙ አጠገባችሁ ይሄዳል። ፒንያው የምትባለው ከተማ ስትወርዱ የጣቢያውን ግድግዳ ሳታዩ እንዳትወጡ። የወይን ለቀማው በሰማያዊና ነጭ ሸክላ ላይ ተስሏል። የዶውሮው ፖርት ወይን ግን ጣፋጭና ብርቱ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከምግብ በኋላ ነው የሚጠጣው። የሐምሌና የነሐሴ ሙቀትም አይቻልም።

ካኬቲ ሌላ ዓለም ነው። ወይኑ የሚጠመቀው ክቬቭሪ በሚባል፣ እስከ አፉ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ ጋን ነው። ነጩ ወይን ከነቆዳው ወራት ስለሚቆይ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ ጣዕሙም ጠንከር ብሎ አፍ ይይዛል። ባዶውን ስትቀምሱት ላይጥማችሁ ይችላል፤ በወይን ጭራሮ ፍም ላይ ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ሲሆን ግን ልዩ ነው። በአላቨርዲ ገዳም መነኮሳቱ ዛሬም በዚሁ ዘዴ ይጠምቃሉ፤ ካቴድራሉ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አገሩ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ለጾመኛም ምግብ አይጠፋም፤ በዋልነት የተሞላውን ደበርጃን ሳትቀምሱ አትመለሱ።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚማርከኝ ሱፕራ የሚሉት ግብዣ ነው። ታማዳ የተባለው የማዕዱ መሪ ይነሣና ለሰላም፣ ለሞቱት፣ ለወላጆች፣ ለእንግዳው ይናገራል። ጽዋው የሚነሣው ከእሱ ንግግር በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ማዕድ ዶውሮ ውስጥ አታገኙም።

በወጪም ካኬቲ ይቀላል፤ አልጋውም ምግቡም በጆርጂያ ገንዘብ በላሪ ነው። ለፖርቱጋል የሸንገን ቪዛና ዩሮ አስቡ። ሁለቱም ጋ መስከረም የለቀማ ወቅት ነው፤ ካኬቲ ጥቅምትም ይቀጥላል።

ለጫጉላ ሽርሽር ዶውሮን እመርጣለሁ። ከጓደኞች ጋር ከሆነ ያለ ጥርጥር ካኬቲ። ግን ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ ደርሶ መልስ አታድርጉት፤ እዚያው ካኬቲ፣ ሲግናጊ ከተማ እደሩ፣ ሾፌርም ያዙ።