ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን ጄንጋ እንዳትገዙ

ሰሞኑን በቴሌግራም እየዞረች ያለች አንዲት ጄንጋ አለች። ማስታወቂያው «ኦርጅናል፣ 54 እንጨት፣ ደሴና ኮምቦልቻ በነፃ እናደርሳለን» ይላል። ዋጋዋ 1,400 ብር። ፎቶው ያምራል። የሚመጣው ዕቃ ግን ሌላ ነው። ልጃችሁን ከስልክ የሚያርቅ ነገር የምትፈልጉ ሁሉ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ጄንጋን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። 54 እንጨቶች ናቸው። ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንዱ ረድፍ በቁመት ሌላው በአግድም እየተደረደሩ 18 ረድፍ ያለው ማማ ይወጣቸዋል። ከዚያ ተራ በተራ፣ በአንድ እጅ ብቻ፣ ከታች አንድ እንጨት አውጥቶ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። ማማው በማን እጅ ፈረሰ፣ እሱ ተሸነፈ። ሌስሊ ስኮት የምትባል ምሥራቅ አፍሪካ ያደገች እንግሊዛዊት ናት እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን የመጫወቻ ትርኢት ላይ ይዛት የቀረበችው። መነሻዋ ቤተሰቧ ጋና እያሉ በእንጨት ቁርጥራጭ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ለልጅ ደስ የምትለው ማንበብ ስለማትጠይቅ ነው። ባትሪም የላትም።

ሳጥኑ ላይ ከ6 ዓመት በላይ ይላል። የእኔዋ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ሕጉን አላላሁላት። በሁለት እጅ መሳብ ይቻላል፣ ማማውም ግማሹ ይበቃል። በዚህ መልኩ ዘመድ ቤት ባለው ጄንጋ ስትጫወት አይቻታለሁ። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንዷን እንጨት በጣቷ እየነካካች ትቆያለች። ለእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ ትዕግሥት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ደረሰን ሳጥን። መጀመሪያ ያየሁት ስሙን ነው። የአንዱ ፊደል ቦታ ተቀይሯል፤ ቶሎ ካዩት አያስታውቅም። ውስጡ 48 እንጨት ነው ያለው። ሳጥኑ ላይ ግን በትልቁ 54 ተጽፏል። 48 እንጨት ያላቸው ሌሎች ቅጂዎችም አሉ፤ ቁጥሩን በግልጽ ከጻፉት ችግር የለውም፣ 16 ረድፍ ይሆናል፣ ይጫወቱበታል። 54 ብሎ 48 መስጠት ግን ሌብነት ነው።

ቁጥሩ እንኳ ይለፍ። ዋናው ጉድ ልኩ ላይ ነው።

ኦርጅናሉ ላይ እንጨቶቹ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይለያያሉ። ልዩነቱ በዓይን አይለይም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። ክብደት ያረፈበት እንጨት አልነቃነቅም ይላል። ያላረፈበት ደግሞ ገፋ ሲያደርጉት ሸርተት ይላል። ጨዋታው ማለት ይኸው ነው፤ የላላውን በጣት ጫፍ እየፈለጉ ማግኘት። ሁሉም እንጨት ፍጹም እኩል ቢሆን ጨዋታው ይሞታል። ልዩነቱ ከመጠን ሲያልፍም ይሞታል። የእኛው ላይ አንዳንዱ እንጨት እንደ ሙዝ ጎብጧል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሳስቀምጠው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሌላው ከጎረቤቱ በግልጽ ይወፍራል። ማማው ገና ሲደረደር ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

በዚያ ላይ ቀለሙ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ተቀብቷል፤ በጣም ወፍራም ነው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ከርሞ ቤቱ ሁሉ ይረጥባል። ያን ጊዜ ቀለም ከቀለም ይጣበቃል። አንዱን ስትስቡ ሦስቱ ተያይዘው ይመጣሉ፣ ማማው ዘጭ። ልጄ እጇን እያየች «አባዬ፣ የእኔ እጅ አይችልም» አለችኝ። ያናደደኝ ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው። ማማው በእኔም በእናቷም እጅ ይፈርሳል፤ ሕፃን ግን ጥፋቱ የዕቃው ነው ብሎ የሚያስብበት ዕድሜ ላይ አይደለም።

ጠርዙም አልተላገም። ስንጥር ጣቷ ውስጥ ገብቶ በመርፌ ነው ያወጣነው። እርጥብ ሶፍት ይዤ ቀዩን እንጨት ባሸው ሶፍቱ ቀላ። አፉ ውስጥ ሁሉን የሚከት ሕፃን ያለበት ቤት ይሄን ምን ብሎ ያስገባል? ሳጥኑ ውስጥ ትንንሽ ዳይሶችም አሉ። ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች መጫወቻ ሲፈተሽ ወርዱ 3.17 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ ይጠቀማሉ። ቱቦው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ለልጁ ጉሮሮ አደጋ ነው ተብሎ ይያዛል። ዳይሶቹ ያለ ምንም ችግር ይገባሉ። ታናሽ ካለ ዳይሱን ቶሎ ከቤት አስወጡት፤ ያለ እሱም ጨዋታው አይጎድልበትም።

ለሻጩ ደወልኩለት። «አብሽር ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው። ልጅቷ ስትለምደው ትችለዋለች» አለኝ። ስድስት እንጨት ይጎድላል ስለው «ፋብሪካው ነው» አለ። ብሬን መልስ ስለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቴሌግራሙ ላይም ብሎክ ነኝ።

አይመለስም የሚባለው ነገር ግን ውሸት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተገዛ ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ችግሩ ማስረጃው ነው። እነዚህ ሰዎች ደረሰኝ አይቆርጡም፣ ሱቅ የላቸውም፣ ብሩም በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስም ነው የሚገባው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳያጠፉት ስክሪንሾት አንሱት፣ የክፍያውን መልዕክት አትሰርዙ፣ ሳጥኑን ስትከፍቱ በቪዲዮ ቅረጹ። እኔ እነዚህን ይዤ ለከተማው ንግድ መምሪያ አመልክቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ሌላም ከእሱ የገዛ ሰው ካለ አብረን ብናመለክት ይሻላል።

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ፣ ፒያሳም ሆነ አራዳ፣ ሳጥኑን ካላስከፈታችሁ አትክፈሉ። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጨፈግግም ይክፈተው። ሦስት እንጨት ጎን ለጎን አስጠጉና አንዱን እንጨት በላያቸው አጋድሙ። የጥሩ ጄንጋ እንጨት ርዝመቱ 7.5 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 2.5 ነው። ስለዚህ የሦስቱ ወርድ ከአንዱ ርዝመት ጋር ልክ ይገጥማል። ከተረፈ ወይም ካጠረ ማማው ቀጥ ብሎ አይቆምም። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ «ይሄንኑ አድርገህ ቪዲዮ ላክልኝ» በሉት። ፎቶ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ይሄ ቪዲዮ ግን ዕቃውን ይጠይቃል። እምቢ ካለ፣ ወይ «አብሽር» ማለት ካበዛ፣ ተዉት።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ አናጺ ይሻላል ባይ ነኝ። ቁርጥራጭ እንጨት የማይጣልበት የአናጺ ቤት የለም። ልኩን ጽፋችሁ ስጡት፦ ርዝመት 7.5፣ ወርድ 2.5፣ ውፍረት 1.5 ሳንቲሜትር። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ ዋንዛ ከተገኘ ጥሩ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ እንዳትቀበሉ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርጎ ይሽላችሁ፣ ቀለምና ቫርኒሽ ግን አያስነካው። የእጅ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ መለያየቱ አይቀርም፤ ለጨዋታው የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከ54ቱ በላይ ጥቂት መጠባበቂያም አስቆርጡ፤ ሶፋ ሥር ገብቶ የሚቀር አይጠፋም።